አርባኛው መስመር

ድቮራ፣ ነብራስካ
ጁን 20 ቀን 1976

ኤድዊን፣

ይህ የእናትህ እጅ አይደለም። ፖስታውን ስትከፍት የማን ጽሕፈት ነው ብለህ እንዳትደናገር ከመጀመሪያው እነግርሃለሁ። እሷ ከሞተች አራት ወር ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት እርሳስ የጨበጠ ሰው የለም። ድሮም እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። እኔ “ላሟ ወለደች በይው” ስላት እሷ አንድ ገጽ ሙሉ ትሞላልህ ነበር፤ ከየት እንደምታመጣው እግዜር ይወቅ። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም ቢሆን የእርሻ ሥራ በማይኖርበት ወራት ብቻ ነበር የምንማረው። ጣቶቼንም ታውቃቸዋለህ። ለድቮራ የቤዝቦል ቡድን ሃያ ሁለት ዓመት ኳስ ስቀልብ የተሰባበሩ ጣቶች ለእርሳስ እሺ አይሉም። ስለዚህ አጭር ነው የምጽፈው።

ለጠየቅኸኝ፣ አይ፣ ወደ እናንተ ከተማ አልመጣም። ቤቱም አልሰፋኝም። እበላለሁ። ወይዘሮ ባርቶስ እሑድ እሑድ ፕለም የገባበትን ኮላች የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ ታመጣልኛለች፤ ሊጧ ይደርቃል፣ ግን እበላዋለሁ። ስልክ ለምን አያነሱም ላልከው፣ መስመሩ የአምስት ቤት የጋራ ነው። እኔ ሳነሣ እሷም ታነሣለች፤ ስትተነፍስ ይሰማኛል። የቤቴን ጉዳይ ለባርቶስ ትንፋሽ አልናገርም። ጻፍልኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳዬ ግሌን ነው። ወንድምህ ባንተ ክለብ ውስጥ ወርዋሪ ሆኖ ይኸው ሦስት ዓመቱ፤ ሦስቱንም ዓመት እዚያው ታችኛው ቡድን ውስጥ ነው። ዋናው ቡድን ለመግባት የቀረችው አንዲት ደረጃ ናት። አብረውት ከጀመሩት ሁለቱ ወጥተዋል። አንደኛውን አይቼዋለሁ፤ ኳሱ ቀጥ ብላ ነው የምትመጣው፣ እኔም በሰባ አራት ዓመቴ እመታታለሁ። የግሌንን ኳስ ግን ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ከበቆሎ ጎተራው ጀርባ ስቀልብ የኖርኩት እኔ ነኝ። መቺው አገኘኋት ሲል ትሰምጣለች። የት እንደምትሰምጥ እያወቅሁ እንኳን ስንቴ ጉልበቴን መታችኝ።

አንተ የዚያ ክለብ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነህ። ማን ይውጣ ማን ይውረድ የምትለው አንተ ነህ። ምንድነው የምትጠብቀው?

አባትህ
ሩዶልፍ ኮቻር


ፖርት ሃላም
ጁላይ 8 ቀን 1976

ለተከበሩ አባቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በገዛ እጅዎ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ጤናዎ ደህና በመሆኑ ደስ ብሎኛል።

ግሌንን በተመለከተ ያለሁበትን ሁኔታ እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ይህን ኃላፊነት ስረከብ የክለቡ ባለቤት አቶ ስትራውድ በመጀመሪያው ቀን ያሉኝ፣ “ወንድምህ እኛ ዘንድ እንዳለ አውቃለሁ፤ ጋዜጠኞቹም ያውቃሉ” የሚል ነው። ሌላ አልጨመሩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ግሌን የሚጻፈውን ዘገባ ሌሎች ሁለት ሰዎች እንዲያነቡት አድርጌአለሁ። እኔ አላነበውም። እሱን የሚመለከት ስብሰባ ሲኖር ከክፍሉ እወጣለሁ። ይህን የማደርገው ለእሱም ለእኔም ክብር ነው።

ጊዜው ሲደርስ ሥራው ራሱ ያወጣዋል ብዬ አምናለሁ። ጤናዎን ይጠብቁ።

ከአክብሮት ጋር
ኤድዊን ኮቻር
ዋና ሥራ አስኪያጅ


ድቮራ
ኦገስት 29 ቀን 1976

ኤድዊን፣

የላክኸው በጽሕፈት መኪና የተተየበ ነው። ከታች ማዕረግህ አለ። ማዕረግህን አውቀዋለሁ፤ እናትህ ከጋዜጣ ቆርጣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋው ነበር፣ አሁንም አለ። ጽሕፈት ቤትህ ያለችው ሴትዮ ስለ ልጆቼ የምታነበውን ነገር ሁለተኛ አትላክልኝ። ካልቻልክ ተወው።

የሥራህን ነገር እኔ ንቄው አላውቅም። እናትህ ንቀኸዋል ትለኝ ነበር። እኔ ያልኩት፣ ጉልበትህ እንቢ ሲልህና ኳስ መቅለብ ስታቆም፣ ወደ ቤት ተመለስ ነው። አንተ እዚያው ቀረህ። ትኬት ቆረጥክ፣ አጥር ቀባህ፣ የታችኛውን ቡድን አውቶቡስ ነዳህ፣ ዝናብ ሲመጣ ሜዳውን በሸራ ሸፈንክ። አሥራ ስምንት ዓመት ነው። ሰው ይህን ሁሉ ሠርቶ ወንበር ላይ ሲወጣ ምን እንደሆነ እኔ ይገባኛል። ያልገባኝ፣ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ዓይኑን የሚጨፍነው ነው። አላነበውም ትለኛለህ። ለሌላ ሰው ልጅ ታነባለህ አይደል እንዴ?

ግሌን ባለፈው ማክሰኞ መጥቶ ነበር። ቡድኑ ኦማሃ ሲጫወት የአንድ ቀን ዕረፍት ሰጥተዋቸው፣ መኪና ለምኖ መጣ። ከስቷል። ቋሊማ ጠበስኩለት። ማዕድ ላይ ሳለን ጠየቅሁት።

“ጓደኞችህ እንዴት ይይዙሃል?”

“ደህና ናቸው። ገላ መታጠቢያው ውስጥ ሳሙና ሲያልቅ ‘ለወንድምህ ደውልለት’ ይሉኛል።”

“አሠልጣኙስ?”

“እሱ ምስኪን ነው አባዬ። ካስወረወረኝ አጎብዳጅ እባላለሁ ብሎ ይፈራል። ካላስወረወረኝ ደግሞ ኤድዊን ይቆጣል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ጨዋታው ካለቀለት በኋላ፣ አሥር ለሁለት ስንመራ ወይም ስንደፈጠጥ ያስገባኛል። ሁሉም ይደሰታል።”

“አንተስ?”

“እኔማ እወረውራለሁ” አለኝና ቋሊማውን በሹካ አገላበጠው። አልበላውም።

ሃያ አራት ዓመቱ ነው። የወርዋሪ ክንድ እንደ ወተት ነው፣ ሲቀመጥ ይበላሻል። ስለዚህ አንድ ነገር ነው የምልህ። ወይ አሳድገው ወይ ልቀቀው። ኮቻር ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ዘንድ ይሂድና ያስወርውረው። ሌላ መንገድ የለም፤ ካለም አላውቀውም።

ሩዶልፍ ኮቻር


ድቮራ
ኦክቶበር 30 ቀን 1976

ኤድዊን፣

በእጅህ የጻፍከው ደረሰኝ። እጅህ እንደኔ መጥፎ ነው፤ ደስ አለኝ።

አዎን። ኦገስት ላይ ያልኩትን አሁንም እላለሁ። ሩዶልፍ ኮቻር አንድ ነገር ብሎ እንደማያጥፍ ታውቃለህ። ደግመህ ለምን እንደጠየቅኸኝ ግን አልገባኝም። “ቢያመኝም ቢያሳፍረኝም?” ብለህ የጻፍከውም አልገባኝም። እውነት ማን ያፍራል? “ግሌን እንዳይሰማ” ላልከውም፣ ምኑን ነው የሚሰማው? ምንም አልነገርከኝ።

በቆሎውን አስገብቻለሁ። ከብቶቹን ሸጥኳቸው፤ ጠዋት ጠዋት የሚጠብቀኝ እንስሳ ስለሌለ ያለ ምክንያት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እነሣና ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ዳቦ ቤቱ ግማሽ ዳቦ አይሸጥም። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ሩዶልፍ ኮቻር


ድቮራ
ዲሴምበር 12 ቀን 1976

ኤድዊን፣

ከሚሎ ቫኔክ ቢራ ቤት ነው የሰማሁት። ካንተ አይደለም፣ ከሚሎ ነው። ቅዳሜ ሰው በሞላበት የኦማሃውን ጋዜጣ ዘርግቶ፣ “ሩዲ፣ ያ ትልቁ ልጅህ መቁጠር አይችልም እንዴ?” አለኝ።

“ከአንተ ይሻላል” አልኩት።

“እንጃ። እያንዳንዱ ክለብ አርባ ተጫዋች ይከልላል ይላል። ከአርባው ውጭ የቀረውን ዲሴምበር ላይ የፈለገ ክለብ ብድግ አድርጎ ይወስደዋል። ልጅህ ያስገባው ዝርዝር ሠላሳ ዘጠኝ ነው። አርባኛው መስመር ባዶ ነው። ታናሹን የማርሎ ክለብ ወሰደው።”

ከዚያ አንዱ፣ “ዋና ሥራ አስኪያጅ ለመሆን አሥሩን ጣት መቁጠር ይበቃል ማለት ነው” አለና ሳቁ። ቢራዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ስለ ሳቁ አይደለም። አርባ ሰው በልጦት ውጭ ቢቀር፣ ይሁን፣ ሥራ ነው እል ነበር። ቦታ ነበረህ። አንድ ስም የምትጽፍበት ቦታ ባዶ ሆኖ ተቀምጦ፣ የገዛ ወንድምህን ከማስገባት ባዶውን መረጥክ። ልቀቀው ስልህ ጨብጠኸው፣ ደኅና ሰው ዘንድ ወስደህ፣ ይህ ወንድሜ ነው ብለህ እንድትሰጠው ነበር። በር ላይ እንደ አሮጌ ጫማ እንድትተወው አይደለም። ያውም ለማርሎ። ማርሎ ባለፈው ዓመት የመጨረሻ ሆነው ነው የጨረሱት።

ግሌን ደውሎ ነበር። ባርቶስ እየሰማች አወራሁት፤ ግድ የለኝም። “ለአንድ ባዶ መስመር እንኳን አልበቃሁም አባዬ” አለኝ። ለገናም አልመጣም አለ። ስምህንም ሁለተኛ እንዳላነሣበት ነገረኝ።

እንግዲህ እኔም ለገና ብቻዬን ነኝ። አትምጣ።

ሩዶልፍ ኮቻር


ፖርት ሃላም
ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1977

አባቴ፣

ሦስት ደብዳቤ ልኬ አልመለሱልኝም። ይህንን ግን ያንብቡት፤ ካነበቡት በኋላ ምድጃ ውስጥ ይጨምሩት።

መቁጠር እችላለሁ። ዝርዝሩን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ አርባኛውን መስመር አውቄ ነው የተውኩት።

ግሌንን አርባው ውስጥ ባስገባው ኖሮ የእኛ ሆኖ ሌላ ዓመት ታች ይቀመጥ ነበር። ዋናው ቡድን ውስጥ ባስገባው፣ ባሸነፈ ቁጥር ወንድሙ አስገባው፣ በተሸነፈ ቁጥርም ወንድሙ አስገባው ይባል ነበር። ለሌላ ክለብ ብለውጠው እነሱም የራሳቸው ታችኛ ቡድን አላቸው፤ እዚያ ይጥሉታል። ዲሴምበር ላይ የሚወሰድ ተጫዋች ግን ደንቡ ሌላ ነው። የወሰደው ክለብ ዓመቱን ሙሉ ዋናው ቡድን ውስጥ ማቆየት አለበት፤ ማቆየት ካልፈለገ ለእኛ መመለስ ይገደዳል። ታች ሊልከው አይችልም። ግሌንን ወደ ላይ የሚያወጣ፣ የእኔ እጅ የማይታይበት ደንብ ከዚህ ሌላ አላገኘሁም።

ለማንም አልተናገርኩም። ለማርሎ ሰዎች ፍንጭ ብሰጥ ወንጀል ነው፣ ከዚህ ሥራ ለዘላለም እባረራለሁ። ግን ባዶ መስመር በእኛ ሥራ አይሳትም። ዝርዝሩ ሲደርሳቸው ሁሉም ‘ኮቻር ቦታ እያለው ማንን ተወ?’ ብለው ይፈልጋሉ። ማርሎዎች ወርዋሪ የላቸውም። ያለኝ ተስፋ እሱ ብቻ ነበር።

አቶ ስትራውድ ተሳስቼ መስሏቸዋል። “ስንት ዓመት ስትቆጥር ኖረህ በመጨረሻዋ ትስታለህ?” ብለው ሳቁብኝ። እኔም አብሬአቸው ሳቅሁ። አንድ ተጫዋች አውቄ እንደጣልኩ ቢያውቁ ግን አያሳድሩኝም፤ ክለቡ የእሳቸው ነው፣ ተጫዋቹም የእሳቸው ነበር። እኔ እንደ ሥራ አስኪያጅ ያደረግሁት ስርቆት ነው። ይህን እያወቅሁ አድርጌዋለሁ።

ግሌን እንዳያውቅ እለምንዎታለሁ። አሁን ተናዷል። ተናዶ ይወርውር። ካወቀ ግን የእኔን ሥራ በትከሻው ተሸክሞ ነው የሚወረውረው፤ ኳሱ አትሰምጥለትም። አንድ ዓመት ይለፍ፤ ከዚያ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።

ስለ እኔ ጠይቀው ስለማያውቁ ልንገርዎት። እዚህ ሜዳው ላይ አንድ ቦታ አለኝ፣ ከላይኛው ረድፍ፣ ከምሰሶው ጀርባ። ጨዋታ የማየው ከዚያ ነው። ታች ስወርድ ተጫዋቾቹ ወሬ ያቋርጣሉ። ከማናቸውም ጋር እራት አልበላም፤ ነገ ጠርቼ ‘ሻንጣህን ያዝ’ የምለው ሰው ሊሆን ይችላል። ወንድሜን የተለየ አድርጌ አልያዝኩትም። ሁሉንም እንደዚያ ነው የያዝኳቸው።

ኤድዊን


ድቮራ
ጁን 12 ቀን 1977

ኤድዊን፣

የፌብሩዋሪውን አቃጥዬዋለሁ። ከማቃጠሌ በፊት አራት ጊዜ አነበብኩት። ያኔ ወዲያው ሳልመልስልህ የቀረሁት ምን እንደምል ስላጣሁ ነው። ዲሴምበር ላይ ያልኩህን ብያለሁ። እንዳላልኩት ማድረግ አልችልም።

ግሌን እንደሆነ ትሰማለህ። ስድስት ጨዋታ አሸንፏል። ማርሎ ሲጫወት ሚሎ ራዲዮኑን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከዚህ ርቀት ድምፁ አንዴ ይመጣል አንዴ ይሄዳል፣ ግን ስሙ ሲጠራ እንሰማለን። ቄሱ ሳይቀር መጥተው ቆመው ይሰማሉ። አስተያየት ሰጪው “ኳሷ ከጠረጴዛ ላይ እንደወደቀች ነው የምትወርደው” አለ። ከጠረጴዛ አይደለም፣ ግን ያለውን ይበል።

ለጠየቅኸኝ፣ አይ፣ የጋዜጣ ሰው እዚህ አልመጣም። የጠየቀኝ ሰው የለም። ለምን እንደዚያ እንዳሰብክ አላውቅም። ስለዚህ ነገር ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም።

ዝናቡ ጥሩ ነው። ጉልበቴ ደህና ነው። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ሩዶልፍ ኮቻር


ፖርት ሃላም
ኦገስት 19 ቀን 1977

አባቴ፣

በጋዜጣ ከማየትዎ በፊት እኔ ልንገርዎት ብዬ ነው። ከትናንት ጀምሮ ክለቡ ውስጥ አይደለሁም። ጋዜጣው በስምምነት ተለያዩ ይላል። አቶ ስትራውድ ሆን ተብሎ እንደተደረገ ለሕዝብ አይናገሩም፤ የተሰረቀ ሰው መባል አይፈልጉም። ለሌሎቹ ክለቦች ግን አንድ በአንድ ደውለው ነግረዋቸዋል። ይህን የነገረኝ ከመካከላቸው አንዱ ነው፤ አዝኖ ነው የነገረኝ፣ ሥራ ግን የለኝም አለኝ። ሌላ የሚሰጠኝም አይኖርም።

አቶ ስትራውድ ሲያስጠሩኝ ተቆጥተው አልነበረም። “አርባኛውን መስመር አውቀህ ነው የተውከው ይባላል” አሉኝ። አልዋሸሁም።

ያንን ቃል በሕይወቴ የጻፍኩት አንዴ ነው። ከዚያ በፊት በአፌ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

የምጠይቅዎት ነገር የለም። ግሌን አሁንም እንዳያውቅ። አሥራ አንድ አሸንፏል፤ ዓመቱን ይጨርስ።

ኤድዊን


ድቮራ
ኦገስት 30 ቀን 1977

ኤድዊን፣

የምጠይቅዎት የለም ብለሃል። ስላልጠየቅኸኝ ነው የምነግርህ።

ሜይ መጨረሻ ላይ ነው። ግሌን አራተኛውን ያሸነፈ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሚሎ ቤት ነበርን። የዘር በቆሎ የሚሸጠው ሰውዬ አለ፣ ሃንሰን የሚባለው፣ ከከተማ ወደ ከተማ በመኪና የሚዞረው። እሱም ነበር።

ሚሎ፣ “ለዚህ ልጅ ጠጡ፤ ለወንድሙም ጠጡ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ለወሰደው” አለ።

ሁሉም ብርጭቆ አነሡ። እኔ አላነሣሁም።

“ተው እንጂ ሩዲ፣ ቀልድ ነው” አለኝ ሃንሰን። “ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ከሁለቱ አንዱ ክንድ ወሰደ፣ አንዱም ጭንቅላት አልወሰደም።”

ስድስት ወር ሙሉ ስሰማው ነበር ኤድዊን። ፀጉሬን ልቆረጥ ስገባ፣ እህል መጋዘን ስሄድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ። መቁጠር የማይችለው የሩዲ ልጅ። እኔ ደግሞ በልቤ አውቃለሁ። ከሁላቸውም አንተ እንደምትበልጥ አውቄ ዝም ማለት፣ ያን ቀን፣ አቃተኝ።

“እሱ አውቆ ነው የተወው” አልኩ። “ባዶ ያደረገው ወንድሙን ለማውጣት ነው። እናንተ ሁላችሁ ተሰብስባችሁ ይህን ማሰብ አትችሉም።”

ሚሎ ብርጭቆ መወልወሉን ትቶ፣ “እንደዚያ ከሆነ ትልቅ ሰው ነው” አለ። ደስ አለኝ። እስከ ቤት ድረስ ደስ እንዳለኝ ነው የሄድኩት። ቤት ገብቼ ወንበር ላይ ስቀመጥ ነው የገባኝ። ሃንሰን የሚሠራበት ኩባንያ ትልቅ ሹም ከአለቃህ ከስትራውድ ጋር ዓሣ እንደሚያጠምድ በኋላ ነው የሰማሁት። ሃንሰን ክፉ ሰው አይደለም። ጥሩ ወሬ ስለሆነ አወራው።

ጁን ላይ ስትጠይቀኝ ዋሸሁህ። ሰባ ስድስት ሊሞላኝ ነው፤ ለልጄ የዋሸሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በአፌ ነው ያባረርኩህ። አሥራ ስምንት ዓመት የለፋህበትን ለአንድ ብርጭቆ ቢራ ሰው ፊት ልኮራበት ብዬ አጠፋሁት።

ይቅርታ አድርግልኝ። እናትህ ብትኖር ከዚህ የተሻለ አድርጋ ትጽፈው ነበር።

ሩዶልፍ ኮቻር


ድቮራ
ኖቬምበር 14 ቀን 1977

ኤድዊን፣

ካርድህ ደርሶኛል። ያለበት አዲስ አድራሻ ብቻ ነው፤ ሰላምታ እንኳን የለበትም። አልቀየምኩህም። የቦይለር ዕቃ መጋዘን ውስጥ እንደምትሠራ ከአድራሻው ላይ ገመትኩ። መልስ እንድትጽፍልኝ አይደለም አሁን የምጽፍልህ። ልነግርህ የሚገባ ነገር ስላለ ነው፤ እሱም ጊዜ አይሰጥም።

ግሌን እዚህ ነው። ቅዳሜ መጣ። እስከ ማርች እቆያለሁ ብሎ ሁለት ሻንጣ ይዞ ነው የመጣው። ላይኛውን ክፍል አጽድቼለት ነበር፤ ምድጃውንም ጠግኜ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ኩሽና ቁጭ አልንና ነገርኩት። አንድ ዓመት ይለፍ ብለሃል፤ ሊያልፍ ነው። አንተ ራሴ እነግረዋለሁ ብለህ ነበር፤ ግን አሁን አንተ የምትነግረው አልመሰለኝም። መጀመሪያ ያንተን ነገርኩት፣ ከዚያ የእኔን።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?” አለኝ።

“ከፌብሩዋሪ።”

“እኔኮ ዓመቱን ሙሉ እሱን ነበር ፊቴ የማቆመው” አለ። “መቺው ማንም ይሁን፣ እኔ የማየው እሱን ነበር። እንካ፣ እንካ እያልኩ ነው አሥራ አምስቱን ያሸነፍኩት።”

“እሱም እንደዚያ ነው የፈለገው።”

“ፈልጎ ነው?” አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትልቅ ሰው ሆኗል፤ እጁ ጠረጴዛውን ይሞላል። ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። እናትህ ታውቅ ነበር። እኔ ውኃ አስቀመጥኩለት።

ማታውኑ ደብዳቤ ልጻፍለት አለ። ከዚያ ደግሞ በረዶው ሲቀልጥ፣ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት፣ ማርች ላይ ብቅ እላለሁ አለ። ማርች ሩቅ ነው አልኩት። በዚህ ቤት ነገር እያቆየን እያቆየን ምን እንደደረሰብን አይተሃል፣ ሂድ አልኩት።

“አሁን ነው እኮ የመጣሁት” አለኝ።

“አውቃለሁ። ስትመጣ አይቻለሁ።”

“አንተስ? የገና በዓልም ቀርቧል። አንተም ና፣ ሦስታችንም እንሁን። የኋላው ወንበር ሰፊ ነው።”

ቀላል ነበር እሺ ማለት። ኮቴን ማንሣት ብቻ ነው። ግን አሰብኩበት። እኔ እዚያ መኪና ውስጥ፣ እኔ እዚያ ክፍልህ ውስጥ ካለሁ፣ ሁለታችሁም ለእኔ ነው የምታወሩት። እሱ ለእኔ ይነግረኛል፣ አንተ ለእኔ ትነግረኛለህ፣ እርስ በርሳችሁ አትተያዩም። እንደዚያ ነው ያሳደግኋችሁ። ስለዚህ አይ፣ ቧንቧው እንዳይቀዘቅዝ ቤት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል አልኩት። አመነኝ መሰለኝ።

ለመኪናው የታዘዘው ዕቃ ረቡዕ ይመጣል። ሐሙስ ጠዋት ይነሣል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንተ ጋ ይደርሳል። ይህን ዛሬውኑ ፖስታ ቤት የማደርሰው ከእሱ ቀድሞ እንዲደርስህ ነው፤ ሳታውቅ በሩን ከፍተህ መልሰህ እንዳትዘጋበት። ቶሎ አይናገርም። ደጃፍህ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። አንተም እንደዚያው ነህ፣ ሁለታችሁም ከእኔ ነው የወሰዳችሁት። ታላቁ አንተ ነህ። ግባ በለው።

እኔ ደህና ነኝ።

አባትህ
ሩዶልፍ ኮቻር